የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙያ ልምምድ በአሜሪካ

በአሜሪካ መካከለኛ ደረጃ የሚባለው በአብዛኛው ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ከባለሙያዎች ጋር አገናኝቶ በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች በብዙ ከተሞች አሉ። በተለይ የሚፈልጓቸው ቤተሰባቸው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ልጆችን ነው። ጎበዝ ሆነው ሳለ በቅርባቸው መሐንዲስ ወይም ጠበቃ የሚሉት ሰው የሌላቸው ብዙ ናቸው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ካልቪን ውድዋርድ የተባለ መምህር የመሠረተው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት በ1880 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በሴንት ሉዊስ ተከፈተ። ፈላስፋውና የትምህርት አሳቢው ጆን ዱዊ በ1896 በቺካጎ በከፈተው የሙከራ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆች እያበሰሉ፣ እየሸመኑና እንጨት እየሠሩ ይማሩ ነበር።

ለምን በዚህ ዕድሜ? በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ጥሩ መልስ ይሰጣል። አጥኚዎቹ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በ30 ዓመታቸው ምን እንሆናለን ብለው እንደሚጠብቁ ተመልክተው፣ በኋላ ያገኙትን ዲግሪ አዩ። ሒሳብ ላይ መካከለኛ የሆነ ግን ሳይንስ ውስጥ እሠራለሁ ያለ ተማሪ፣ ዲግሪ ከያዘ በፊዚካል ሳይንስ ወይም በምህንድስና የመሆኑ ዕድል 34 በመቶ ነበር። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ሆኖ ሌላ ሙያ ያሰበው ግን 19 በመቶ ብቻ። ሐሳብ ከውጤት በልጧል ማለት ነው።

በዘርፉ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ሲቲዝን ስኩልስ የተባለው ድርጅት ነው። ኤሪክ ሽዋርዝና ኔድ ራይመር በ1995 ቦስተን ውስጥ ጀመሩት። ቦታው ዶርቼስተር የሚባለው ሰፈር ነበር። ሽዋርዝ ጋዜጠኝነት፣ ራይመር የመጀመሪያ እርዳታ አስተማሩ። ከዚያ በኋላ ጠበቆች፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ አርክቴክቶች በበጎ ፈቃድ መጡ። ልምምዱ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአሥር ሳምንት ገደማ ይካሄዳል። ሕግ የመረጡ ልጆች ምስክር መጠየቅንና መከራከርን ይለማመዳሉ። ሌሎቹ ሮቦት ይገጣጥማሉ፣ ጌም ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ "ዋው" የሚባል ዝግጅት አለ፤ ልጆቹ የሠሩትን ለወላጆቻቸውና ለባለሙያዎች ያቀርባሉ። የ12 ዓመት ልጅ በትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሞ ክርክሩን ሲያስረዳ ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ኩራት ነው። ሕጻን ነው ብሎ የሚያቋርጠው የለም፤ ጥያቄም ይቀርብለታል፣ ይመልሳል።

ድርጅቱ በአሜሪኮርፕስ፣ ማለትም በመንግሥት የሚደገፍ የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮግራም፣ በኩል የሚመጡ ወጣቶችን በሙሉ ጊዜ ያሠራ ነበር። ቆየት ብሎም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ቀኑን ለሁሉም ተማሪ አስረዘመ። በ2013 በዋይት ሀውስ ይፋ የሆነውን፣ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ባለሙያዎችን ከተማሪዎች ጋር የሚያገናኘውን ዩኤስ2020ም አስተዳድሯል።

የሲቲዝን ስኩልስ ውጤት ግን ያከራክራል። በቦስተን የተደረጉት ቀደምት ግምገማዎች አበረታች ነበሩ። ተቺዎች በበኩላቸው በፈቃዳቸው የሚመዘገቡ ልጆች ቀድሞውኑ ትጉሆች ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ። ነጥቡ ትክክል ነው። ያም ሆኖ የፈተና ውጤት ብቻውን እንዲህ ያለውን ሥራ አይመዝንም።

ሌላም አካሄድ አለ፤ ስፓርክ የተባለው ድርጅት በ2004 በካሊፎርኒያ ተጀምሮ ልጆችን ወደ ባለሙያዎቹ የሥራ ቦታ ይወስድ ነበር።

ጥንቃቄ የሚያሻው በልጁና በባለሙያው መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት ልጆችን ከአዋቂ አማካሪዎች ጋር በሚያገናኘው በቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ስር የነበሩ ወጣቶችን ተከታትሏል። ከአማካሪያቸው ጋር ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩት ብዙ ተጠቅመዋል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ቀንሷል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ጎብኝቶ የሚጠፋ እንግዳ አማካሪ ሊባል አይገባም። ፕሮግራም የሚያቋቁም ሰው መጀመሪያ በጎ ፈቃደኛው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይጠይቅ።

ገንዘቡ ከግል ለጋሾች፣ ከትምህርት ቢሮዎችና ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል። ለሙያ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ የሚመድበው፣ በ2018 የታደሰው የፐርኪንስ ሕግ ገንዘቡ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሙያን ለማስተዋወቅ እንዲውል ፈቅዷል። ከዚያ በፊት በሕጉ ከ7ኛ ክፍል በታች ላሉ ተማሪዎች ማዋል አይቻልም ነበር።