በጅማ የ«ዐረብ አገር መልስ» ሴቶች ንግድ

«ዐረብ አገር መልስ» ሲባል ጅማ ውስጥ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሳዑዲ፣ በኩዌት፣ በቤሩት ወይም በዱባይ በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ናቸው፤ ዛሬ ብዙዎቹ የራሳቸውን ሱቅ ይዘዋል። የጅማ ዞን ብዙ ወጣት ወደዚያ ከሚሄድባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው።

ርቆ ሄዶ መነገድ ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጅማ ያደገችው በሲራራ ነጋዴ ነው። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ጅማ ላይ የሚቆመው የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ሰው ይጎርፍበት ነበር። ያኔ መንገደኛው በአብዛኛው ወንድ ነበር፣ አሁን ሻንጣ የምታነሳው ልጅቷ ናት።

ሁሉም አስበውበት አልተመለሱም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ደመወዟን እንኳ ሳትቀበል በፌስታል ልብስ ይዛ የገባችው ብዙ ናት።

ከባዱ ነገር ያለው ግን ብሩ ላይ ነው። ልጅቷ በየወሩ ለአባቷ ወይም ለወንድሟ ትልካለች። ቤቱ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ በሬ ይገዛል፣ ታናሾቿ ይማራሉ። እሷ ስትመጣ ብሩ ቀድሟት ገብቶ ቀድሟት አልቋል፤ በስሟ የተጻፈ ነገር ፈልጋ ታጣለች። ባንክ ስትሄድ ደግሞ ማስያዣ ትባላለች፣ ቤቱ በአባት ስም፣ መሬቱ በባል ስም። (ቤቱን የሠራው የማን ገንዘብ እንደሆነ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።)

ስለዚህ መነሻው ብዙ ጊዜ እቁብ ነው። ወለድ የለበትም፣ ካርታ አይጠይቅም፣ ዋስ ካለሽ በቂ ነው። የጨነቃት የእቁቡን ዳኛ ለምና ቀድማ እጣ ትወስዳለች። በዚያ ብር ጀበና ቡና፣ ፀጉር ቤት፣ የአባያና የሂጃብ ሱቅ ወይም ባልትና ይከፈታል። ከስደት የመጣ ሙያም አለ፤ መንዲ (የዐረቦቹን ሩዝ በሥጋ) የምትሠራ፣ ከዐረብ ደንበኛ ጋር በቋንቋው የምትከራከር አትጠፋም። በቡድን ዋስትና የሚያበድሩ ተቋማትም አሉ። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ በ2013 ዓ.ም. ባንክ ሲሆን ስሙን ሲንቄ አለ፤ ሲንቄ የኦሮሞ ሴት ስታገባ የምትይዘው፣ መብቷ ሲነካ ይዛ የምትወጣው ዘንግ ነው። ባንኩ እንደ ስሙ ይሁን አይሁን ተበዳሪዎቹ ይፍረዱ።

እነዚህ ነጋዴዎች ስለ ሴት መብት የሚናገሩት መድረክ ላይ ወጥተው አይደለም። ወሬው ቡና ላይ ነው። ለመሄድ የቆረጠች ልጅ ስትመጣ «አትሂጂ» የሚሏት ጥቂት ናቸው፤ ባይሆን ምክሩ ዝርዝር ነው። በደላላ እንዳትሄድ፣ የፓስፖርቷን ኮፒ እናቷ ጋ እንድትተው ይነግሯታል። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን አሠሪው እንደሚከፍልም ያስረዷታል። ከሁሉ በፊት ግን፣ ሳትሳፈር፣ በራሷ ስም የባንክ ደብተር እንድታወጣ ነው። አንዳንዷ ሱቋን ዘግታ ባንክ ድረስ አብራት ትሄዳለች።