የድሮው ወይስ የዘንድሮው? የዘመናዊ ሙዚቃችን «ወርቃማ ዘመን» ሲዳሰስ

«ወርቃማው ዘመን» የሚባለው አዲስ አበባ ውስጥ በግምት ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ዘመናዊ ሙዚቃ ነው። ዓመቶቹ እዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በእኛው። ስለዚህ ዘመን በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ጥቂት ነው። ያለው በየጋዜጣው ቃለ ምልልስና በውጭ አገር በታተሙ የሲዲ መግለጫዎች ውስጥ ተበታትኗል። ይህን ያሰባሰብኩት ከዚያ ስለሆነ የሸክላው (የሙዚቃ ዲስኩ) ዘመን ሰፋ ብሎ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ቢታይ አይግረማችሁ።

ክርክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ከጥላሁን ገሠሠና ከብዙነሽ በቀለ ወዲህ ዘፈን የለም ይላል። ሌላው ይሄ የሽማግሌ ናፍቆት ነው ብሎ ይስቃል። እኔ ለድሮው አደላለሁ፣ ግን ብዙ ሰው በሚያነሳው ምክንያት አይደለም። ድምፃዊ ዛሬም ሞልቷል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከድሮዎቹ የሚያስከነዳ ድምፅ አለው። የጠፋው በወር ደመወዝ የሚከፈለው፣ በየቀኑ የሚለማመደው ኦርኬስትራ ነው።

መነሻው

ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ መሣሪያዎች መጡ፤ የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ታሪክ ከእነሱ ይጀምራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው፣ የአገሩን ዜማ ለትልቅ ባንድ እያቀናበረ አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ አሠልጥኗል። የዚህ ሰው ውለታ በሚገባው ልክ ተነግሮለታል ብዬ አላምንም።

ዩኒፎርም የለበሰ ሙዚቃ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዘመናዊ ሙዚቃ የመንግሥት ሥራ ሆነ። ክቡር ዘበኛ (የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር)፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሀገር ፍቅር ቴአትርና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። የጦሩና የፖሊሱ ሙዚቀኛ ማዕረግ አለው፣ የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ ደመወዙን ወር ጠብቆ ይቀበላል፣ ለልምምድ ካልመጣ እንደማንኛውም ወታደር ይጠየቃል። ግጥም አንዱ ይጽፋል፣ ዜማ ሌላው ይሠራል፣ ቅንብሩን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ያወጣዋል። እነ ሳህሌ ደጋጎና ለማ ደምሰው ስማቸው ሸክላ ፊት ላይ በትልቁ ባይጻፍም፣ ዛሬ «የጥላሁን» ወይም «የማህሙድ» እያልን የምንጠራው ሙዚቃ የእንደነሱ ያሉ ሰዎች እጅ ያለበት ነው።

ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ አደገ፣ ሀገር ፍቅር ገባ፣ ከዚያ ክቡር ዘበኛ ወሰደው። በታኅሣሥ 1960 መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው ክቡር ዘበኛ ስለነበር መዘዙ ለሙዚቀኞቹም ተረፈ። ጥላሁንም ታስሯል። ማህሙድ አህመድ ደግሞ ሊስትሮ ነበር። በኋላ አሪዞና የሚባል ናይት ክለብ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች እዚያ ይጫወቱ ነበር፤ አንድ ማታ ዘፋኝ ሳይመጣ ሲቀር ማህሙድ እኔ ልሞክር ብሎ ማይክ ያዘ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ክቡር ዘበኛ ገባ፣ እስከ 1974 አብዮት ድረስም እዚያው ቆየ።

ስለ ክቡር ዘበኛ ብዙ ተወርቷል። ፖሊስ ኦርኬስትራ ግን ሁሌ ሁለተኛ ሆኖ ነው የሚጠቀሰው፣ እኔ ደግሞ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጅ ነው። ሒሩት በቀለም የፖሊስ ኦርኬስትራ ናት። ጌታቸው መኩሪያ በ1949 በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ቴአትር ቤቱን አልፎ በ1965 ፖሊስ ኦርኬስትራ ገብቷል። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ሽለላ ስትሰሙ ድምፁ ይጮኻል፣ ይሰበራል፣ ድንገት ቆም ይላል፣ ከዚያ ዘሎ ይነሳል። ጌታቸው ይህንኑ አንድ በአንድ በሳክስፎኑ አደረገው፣ መድረክ ላይም የአንበሳ ጎፈር ለብሶ ይወጣ ነበር። የውጭ ተቺዎች ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል። እሱ ግን የሚጫወተው የፉከራ ሙዚቃ ነው፤ ከአሜሪካ የቀዳው ነገር የለም። ይህን ስል በፍጹም አልጠራጠርም።

የሸክላው ዘመን፣ 1969 – 1978

ወርቃማ የሚለውን ስም ያተረፈው በዋናነት ይህ ዘመን ነው። በሕግ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር፣ ሆኖም ሀገር ፍቅር ብዙም አያሳትምም። ዐምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ አጋማሽ ያለ የሸክላ ነጋዴ በ1969 ሕጉን ወደ ጎን ብሎ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ። ቅጂውን ወደ ሕንድ ልኮ አሳተመው። ሸክላው አዲስ አበባ ሲደርስ ተቸበቸበ፤ መንግሥትም አጉረመረመ እንጂ ነገሩን አልገፋበትም። ዐምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 አልበም አውጥቷል። ፊሊፕስም ወደ ገበያው ገባ፤ ቀጥሎ «ዓሊ ታንጎ» የሚባለው ነጋዴ በካይፋ ሪከርድስ መጣ። የማህሙድን የ1975ቱን «እሬ መላ መላ» ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጣው ካይፋ ነው።

በነዚህ ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎችና 30 ገደማ አልበሞች ታትመዋል ይባላል። አንዱ ነጠላ ሸክላ በእያንዳንዱ ገጹ አንድ ዘፈን ይይዛል፣ እንግዲህ ወደ 1,000 ዘፈን ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ዛሬ ራዲዮ ላይ የሚደጋገመው ስንት ነው? የተረሳውም ያኔ የተሸጠ ነበር፣ ግን ማንም አያነሳውም። የድሮውን ምርጥ ከዘንድሮው ግሳንግስ ጋር እያወዳደርን ማሸነፋችን ትንሽ ማጭበርበር አለበት።

ቀረጻው ራሱ ለዛሬ ልጅ ተረት ይመስላል። ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ይገባል፣ ማይክ ጥቂት ነው፣ ሁሉም እኩል ይጀምራል። ትራምፔቱ አንድ ኖታ ከሳተ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይደገማል፣ ወይም ስሕተቱ እንዳለ ሸክላው ላይ ይቀራል። ጆሮ የሰጠ ሰው እነዚህን ስሕተቶች ያገኛቸዋል። ቦታም የለም፤ ሦስትና አራት ደቂቃ ውስጥ መግቢያው፣ ግጥሙ፣ የሳክስፎን ሶሎውና መደምደሚያው ማለቅ አለባቸው። ስለዚህ የሚንዛዛ ነገር አታገኙም።

በዚሁ ሰሞን ሙላቱ አስታጥቄ ከውጭ ተመለሰ። በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ ለንደን ውስጥ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቦስተን ውስጥ በርክሊ ተምሯል። የአራቱን ቅኝቶች (የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺሆዬን) ዓለም ከላቲንና ከጃዝ ጋር አዋሕዶ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም አወጣ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት ተጫውቷል። «የኢትዮ ጃዝ አባት» የሚለው ማዕረግ ግን አንዳንድ ሰው አይዋጥለትም፤ ነርሲስ ቀድሞ ነበር የሚሉ አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ያኔም ወቀሳ አልጠፋም። ዓለማየሁ «የአቢሲኒያው ኤልቪስ» የተባለው በፀጉሩና በአለባበሱ ነው፤ ፈረንጅ ቀዱ ብሎ ያማቸው የነበረ ሰው ብዙ ነው። ዛሬ አፍሮቢት ቀዱ እየተባሉ የሚወቀሱት ልጆች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ሰዓት እላፊና ካሴት

ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ሳንሱር በረታ። ዐምሃ እሸቴ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሸክላ በ1978 ገደማ ቆመ፣ ካሴት ተተካ። «ሙዚቃችን እዚህ ሞተ» የሚለውን በብዛት ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም። ሂልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1977 «ጨ በለው»ን ያሳተመው በዚሁ ዘመን ነው። አልበሙ ግጥም የለውም፣ ግጥም ከሌለ ደግሞ ሳንሱሩ የሚቆርጠው ነገር ያንሰዋል። ማታ ደግሞ ወደ ሆቴል የገባ ሰው ሰዓት እላፊው ከጀመረ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ እዚያው ይጨፍር ነበር። ባንዱም አብሮ ያነጋል። ለሊቱን ሙሉ በየቀኑ የሚጫወት ባንድ ምን ያህል እንደሚበስል አስቡት።

ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ፣ ሰላም ስዩም በሊድ ጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ በ1980ዎቹ የወጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ካሴቶችን አጅቧል። ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ ፀሐዬ ዮሐንስ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው ሰው «የድሮ ዘፈን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው ይህንን ነው፣ የሸክላውን አይደለም። አስቴር አወቀ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1989 በስሟ የወጣው አልበም በዓለም ገበያ አስተዋወቃት።

ኪቦርዱ የገባበት

ከ1991 በኋላ ሰዓት እላፊው ተነሳ፣ ክለቦች ተከፈቱ፣ የባንዱ ቁጥር ግን ቀነሰ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ሦስትና አራት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ከመክፈል አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ መቅጠር ይረክሳል። መንግሥትም እንደ ድሮው ኦርኬስትራ አልቀጠረም። በዚያ ላይ ካሴት በወጣ በነጋታው በየመንገዱ ይባዛ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፣ አፈጻጸሙ ግን ጎደሎ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት አቀናባሪዎች መጠቀስ አለባቸው፦ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታና ኤልያስ መልካ። ኤልያስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ልጅ ነበር። በ2001 የወጣው የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»፣ ከዚያም የነዘሪቱ ከበደ፣ የነኢዮብ መኮንንና የነሚካያ በኃይሉ ሥራዎች ላይ እጁ አለበት። በ2019 በጊዜ አጣነው። ኪቦርድ ሙዚቃ ገደለ የሚሉ ሰዎች የኤልያስን ቅንብር በጥሞና ቢሰሙ አቋማቸውን ትንሽ ያላሉ ይመስለኛል።

የዘንድሮው

ዛሬ አልበም ውድ ነው፣ ነጠላ ዜማ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል፣ ዋጋው በእይታ ይለካል። ግጥሙም ዜማውም ቅንብሩም ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የጨረሰው ነው። አንዳንዴ ይሳካል፦ ሮፍናን በ2018 በ«ነጸብራቅ» ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገሩ ምት ጋር አገናኝቶ ስታዲየም የሚያስዘልል ነገር ሠራ። ቴዲ አፍሮ በ2017 «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ የቢልቦርድን የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ መርቷል፣ ይህን ከድሮዎቹ አንዳቸውም አላደረጉም። ብዙ ጊዜ ግን ከሦስት ወር በኋላ የማይታወስ ዘፈን ይወጣል። የግጥም ድርቀቱን ማንም አይክድም።

ደግሞ የድምፅ ውድድሮችን ተመልከቱ። ተወዳዳሪው መድረክ ላይ ቆሞ የሚያወጣው የራሱን ሳይሆን የጥላሁንን፣ የማህሙድን፣ የብዙነሽን ነው። የባላገሩ አይዶልን ውድድር ያሸነፈው ዳዊት ጽጌን ያህል ድምፅ ያለው ሰው በ1960ዎቹ ወጣት ቢሆን ኖሮ ክቡር ዘበኛ በር ላይ ይለቅሙት ነበር፤ ግጥም ጸሐፊ፣ ዜማ ደራሲና አሥራ ምናምን ሙዚቀኛ ይጠብቁት ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ ራሱ ከኪሱ ያሟላል።

ከታሪኩ የቀረው

«ወርቃማ ዘመን» የሚለውን ምስል የሳለው በከፊል ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ይህ ፈረንሳዊ በ1984 የማህሙድን ሸክላ ሰምቶ ወደ አዲስ አበባ መጣ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ሲዲ ጀመረ፤ በ2017 30 ቅጽ ደርሶ ነበር። ውለታው ትልቅ ነው። ሆኖም የመረጠው የሚወደውን ነው፣ ምርጫውም የሸክላውን ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ያጎላል። በድሬዳዋ በ1962 የተመሠረተው አፍራን ቀሎና ከዚያ የወጣው ዓሊ ቢራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳር ላይ ናቸው። ዓሊ ራሱ በ1960ዎቹ ክቡር ዘበኛ ውስጥ መጫወቱን ብዙ ሰው አያውቅም። የትግርኛው፣ የአስመራው፣ የጉራጊኛው ሙዚቃም እንደዚሁ ተገፍቷል።

የቀሩትን አንጋፋዎች ሕያው አድርጎ ያቆየው አንዱ ቦታ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ ነው። በጥር 2015 ከሆቴሉ ክፍል ጋር ተቃጠለ። ግርማ በየነ፣ በሸክላው ዘመን ዘፋኝም ፒያኒስትም አቀናባሪም የነበረው፣ በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀርቶ ለዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ከቆየ በኋላ ተመልሶ መጣ። አዲሱ አልበሙ በ2017 የኢትዮፒክስ 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። የትንፋሽ መሣሪያውንም ሆነ ሌላውን የተጫወተለት አካሌ ውቤ የሚባል ባንድ ነው። ስሙ የሐበሻ ነው፣ ልጆቹ ግን የፓሪስ ፈረንሳዮች ናቸው።