ኦቲዝምን ለልጆች ማስተማር

አንጎል በተለየ መንገድ ስለሚያድግበት ስለ ኦቲዝም ለተማሪዎች ገለጻ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ምልክት ይዘረዘራል፦ ዓይን ለዓይን አለመተያየት፣ ቃል መደጋገም፣ እጅ ማርገብገብ። እንዲህ የተማረ ልጅ የክፍል ጓደኛውን መሰለል እንጂ መቅረብ አይለምድም። የኦቲዝምን ታሪክ መንገር ይሻላል፤ ባለታሪኩም ልጅ ነውና።

ዶናልድ ትሪፕሌት በ1933 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አራት ዓመት ሳይሞላው በሐኪም ምክር ከቤቱ ርቆ የልጆች ማቆያ ተቋም ገባ፤ ወላጆቹ አንድ ዓመት ገደማ ቆይተው አወጡት። አባቱ ለሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር 33 ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ባሳተመው፣ ኦቲዝምን በገለጸበት ጥናት ቀዳሚው ዶናልድ ነው። (የሶቪየቷ ሐኪም ግሩኒያ ሱካሬቫ በ1920ዎቹ ተመሳሳይ ልጆችን ገልጻ ነበር፤ ለረጅም ዘመን ግን ያስታወሳት ጥቂት ነው።)

ለተማሪዎች ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዶናልድ እዚያው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ተምሮ ኋላም ኮሌጅ ጨረሰ፣ ባንክ ውስጥ ሠራ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብዙ አገር ዞረ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ ሀብታም መሆኑ እንደረዳው መሸሸግ አይገባም። ቢሆንም የከተማው ሰው ጠባዩን ለምዶለት ነበር፤ ላስቲክ ሲያስፈነጥርበት ወዳጅነቱን እየገለጸ መሆኑን ያውቃል።

ሌሎች እንዲህ አልታደሉም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የኦቲዝም መንስኤ የእናት ፍቅር ማጣት ነው የሚሉ ምሁራን ነበሩ፤ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ይህን ሞገተ። በእኛም አገር ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ እናት ላይ ነው፤ እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው ይባላል፣ ልጁም ከጎረቤት ዓይን ይደበቃል። ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ስትመለስ ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት አጥታ በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈተች። በ2021 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ከመናገር አላረፈችም። በኋላ ነህምያን የመሰሉ ማዕከላትም ተጨመሩ። ማዕከል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆች ሁሉ አብረው የሚማሩበት አካቶ ትምህርት የሚባለው ግን የሰፈሩ ትምህርት ቤት በር ሲከፈት ነው፣ ያም በር ገና ጠባብ ነው።

ክፍል ውስጥ የሚጠቅመው ተግባር ነው። «ይተላለፋል?» ለሚል ልጅ መልሱ አጭር ነው፦ አይተላለፍም፣ አንጎል የሚያድግበት ሌላ መንገድ ነው። ጩኸት የሚከብደው ጓደኛ ጆሮውን ሲይዝ ድምፅ መቀነስ፣ የማይናገር ልጅ በሥዕል ሲያመለክት መልስ መስጠት፣ ጨዋታው ሊለወጥ ሲል አስቀድሞ መንገር፤ ይህን የሰባት ዓመት ልጅም ይችላል። አንድን ተማሪ ቋሚ ረዳት አድርጎ መመደብ ግን ሁለቱንም ያሰለቻል፤ በተራ መረዳዳት ይሻላል። አስተማሪው የልጁን ስም ጠርቶ ኦቲዝም አለበት ከማለቱ በፊት ደግሞ ወላጆቹን፣ መግለጽ የሚችል ከሆነም ራሱን ልጁን ማስፈቀድ አለበት።