«ይሄ ለእኔ ነው፤ አሁን ደግሞ ለድሆቼ ይስጡኝ»

ይህ አባባል የተወለደው የሰው ደጃፍ ላይ ነው። አገሩ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው፤ ዘመኑ 1840ዎቹ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዣን ዡጋን የምትባል ሴት ቅርጫቷን አንጠልጥላ ለአረጋውያን ምጽዋት ስትሰበስብ የአንድ ሽማግሌን ደወል ደወለች። ሰውየው ተናደደና መታት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሄ ለእኔ ነው። አሁን ደግሞ ለድሆቼ የሚሆን ነገር ይስጡኝ» አለችው ይባላል።

አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ ለትዕግስት ማስተማሪያ ይጠቀሳል። እኛም ብንሆን «የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል» ከሚለው ጎን ብናስቀምጠው ይቀናናል። እኔ ግን ቦታው እዚያ አይመስለኝም። የታገሰ ሰው ቀኑን ይጠብቃል። ዣን ምንም አልጠበቀችም። ምቱን ለራሷ አደረገችና ጥያቄዋን እዚያው ደገመችው። ጉልበቱ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። እሷ ስለተዋረደች ቤት የቀሩት አሮጊቶች ጦማቸውን ማደር የለባቸውም። ሰውየው የተቆጣው በእሷ ነው፤ እራቱ የእነሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህን አባባል ባሏ ለሚመታት ሴት «ቻይው» ለማለት መጥቀስ ነውር ነው። ዣን ያንን ደጃፍ መርጣ የሄደችው ራሷ ናት።

ለመሆኑ ማን ነበረች? በ1792 ካንካል በተባለ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች አባቷ ባሕር ላይ ቀረ። ከፍ ስትል በሰው ቤት ወጥ ቤት ገባች፤ በኋላም ሆስፒታል ሠራች። በ1839 የብርድ ወራት፣ በ47 ዓመቷ፣ ዓይኗ የጠፋና ግማሽ አካሏ የማይታዘዝ አንዲት አሮጊት ሳን ሰርቫን በተባለች ከተማ ወደተከራየችው ቤት አመጣች። አልጋዋን ለቀቀችላትና ራሷ ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ ተኛች። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አሮጊት ተጨመረች፤ ሌሎችም ተከተሉ። የሚያግዟት ሴቶችም መጡ። «የድሆች ታናናሽ እህቶች» የተባለው የካቶሊክ መነኮሳይያት ማኅበር ጅማሬው ይኸው ነው።

ልመናውም የመጣው ከእነዚሁ አሮጊቶች ነው። ብዙዎቹ ቀድሞም የሚኖሩት ለምነው ነበር። ዣን በስተርጅና መንገድ ለመንገድ ከሚንከራተቱ እኔ ልውጣ አለች። ማን ይሰጣቸው እንደነበር ጠይቃ በእነሱ ፈንታ በየቤቱ ዞረች። ስለዚህ «ለድሆቼ» ስትል ማንን ማለቷ እንደሆነ በስም ታውቃለች። ልመናው ቀላል ሆኖላት ግን አይደለም። አርጅታ ያኔን ስታስታውስ ከብዷት እንደነበር፣ ያደረገችውም ለእግዚአብሔርና ለድሆቿ ብላ እንደሆነ ተናግራለች።

አንድ ሌላ ታሪክም አለ። አንድ ሀብታም ሰጥቷት ሸኛት። በማግስቱ ተመልሳ ስትመጣ ግን ተቆጣ። «ድሆቼ ትናንት ራባቸው፤ ዛሬም ራባቸው፤ ነገም ይርባቸዋል» አለችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ቋሚ ሰጪ ሆነ ይባላል። እኔ ይህን የመጀመሪያው አባባል ማብራሪያ አድርጌ ነው የማነበው።

ትልቁ ጥፊ የመጣው ግን ከውስጥ ነው። የማኅበሩ መንፈሳዊ መሪ አባ ኦጉስት ለ ፓየር ይባላል። በ1843 እህቶቹ ዣንን በድጋሚ አለቃ አድርገው ሲመርጧት ምርጫውን ሰረዘና ማሪ ዣሜ የተባለችውን የ23 ዓመት ወጣት ሾመ። ዣን ቅርጫቷን ይዛ መለመኗን ቀጠለች። በ1845 የፈረንሳይ አካዳሚ ሥራዋን አመስግኖ 3,000 ፍራንክ ሸለማት። በ1852 ግን አባ ለ ፓየር ከደጅ ሥራው አንስቶ ወደ ማኅበሩ ቤት ጠራት። ከዚያ እስከ ሞቷ 27 ዓመት ያለ ሥልጣን ኖረች። አዲስ የሚገቡት ልጃገረዶች መሥራቹ እሱ እንደሆነ ይማሩ ነበር። መሥራቿ አጠገባቸው ተቀምጣ!

«ሥራዬን ሰረቁኝ፤ እኔ ግን በደስታ ትቼልዎታለሁ» ብላዋለች ይባላል። ልብ በሉ፣ ስርቆቱን ስርቆት ብላዋለች። በ1879 በ86 ዓመቷ ስታርፍ ማኅበሩ 2,400 ያህል እህቶች ነበሩት። ሮም ጉዳዩን መርምራ አባ ለ ፓየርን ያነሳችው በ1890 ነው። እሷን ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ቅድስት ብለው አወጁ።

በእነዚያ 27 ዓመታት ዝም ብላ ብቻ ኖረች ማለት ግን ስህተት ነው። በ1865 ማኅበሩ ቋሚ ገቢ ይቀበል ወይስ አይቀበል የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ የእሷም ሐሳብ ተጠየቀ። ስለ ሹመቷ ያልተሟገተችው ሴት እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠች፦ አይሆንም፣ እንደ ድሮው በእግዚአብሔርና በሰው ልግስና እንኑር። ማኅበሩም ገቢውን ሳይቀበል ቀረ። ዛሬ በ30 ገደማ አገሮች አረጋውያንን የሚጦሩት እህቶች በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞሩ የሚለምኑት በዚያው ውሳኔ ነው።