የኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች፦ ከአርፒኤም ወደ ፍላትፓክ

ለድርጅቶች የተዘጋጀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስና ከእሱ ጋር ተጣጥመው የሚሠሩት አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የሚታወቁት በረጅም ዕድሜያቸው ነው፤ አንድ ዋና እትም 10 ዓመት ያህል ይጠገናል። ፕሮግራም በእነዚህ ላይ ሲጫን የኖረው አርፒኤም በሚባለው የሬድ ሃት የጥቅል ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) በማሽኑ ላይ አንዴ ይቀመጣል፣ ፕሮግራሞቹም ይጋሩታል። ላይብረሪው ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ከተገኘ አንዱን ጥቅል ማደስና ፕሮግራሞቹን ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ለሰርቨር ከዚህ የተሻለ አሠራር እስካሁን አልመጣም።

ዴስክቶፑ ላይ ግን ረጅሙ ዕድሜ ራሱ ሸክም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 7ኛው እትም የያዛቸውን ላይብረሪዎች ይዞ ሲቆይ፣ ፋየርፎክስ በየዓመቱ ገደማ አዲስ የረጅም ጊዜ እትም ያወጣል፣ የቀድሞውንም መጠገን ይተዋል። አዲሱ እትም አዲስ የረስት ኮምፓይለር (በረስት ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ) ስለሚፈልግ፣ አንድ ብራውዘር ለማደስ ኮምፓይለሩንም ወደ አሮጌው ሲስተም ማምጣት ግድ ነበር።

መፍትሔው የወጣው ከዚያው ከሬድ ሃት ቤት ነው። አሌክሳንደር ላርሰን የጀመረው ኤክስዲጂ-አፕ የተባለ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ማሸጊያ በ2016 ፍላትፓክ ተብሎ በ2018 1.0 ደረሰ። በጁን 2023 ሬድ ሃት ሊብሬኦፊስን በአርፒኤም ማዘጋጀቱን ወደፊት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በሜይ 2025 የወጣው 10ኛው እትም ሊብሬኦፊስን፣ ጊምፕንና ኢንክስኬፕን በአርፒኤም አልያዘም።

ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ራንታይም በሚባል የጋራ የላይብረሪ መደብ ላይ ያቆመዋል፤ ባብልራፕ በሚባል ማግለያ መሣሪያም ከቀረው ሲስተም ይለየዋል። የተጠቃሚው ፋይል የሚከፈተው ፖርታል በሚባለው አማላጅ በኩል ነው። ተቺዎች «መላውን የቤት ማውጫ የሚጠይቅ ፕሮግራም ምኑ ተለየ?» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ፈቃዱን ከመጫን በፊት ማየት፣ ሲበዛም በፍላትፓክ ኦቨርራይድ ትእዛዝ መቀነስ ይገባል።

የፍላትፓክ ፕሮግራሞች ዋና ምንጮች ሁለት ናቸው። ፍላትሃብ የተባለው ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ነው። የሬድ ሃት ማከማቻ ግን ከራሱ አርፒኤሞች የተገነቡ ጥቅሎችን በኮንቴይነር ምስል መልክ ያቀርባል፣ መግቢያም ይጠይቃል። መጀመሪያ ፖድማን በሚባለው የኮንቴይነር መሣሪያ ወደ ሬጅስትሪው (የምስሎቹ ማስቀመጫ ሰርቨር) ይገባል። የሚፈጠረው የመግቢያ ፋይል ተጠቃሚው ሲወጣ ስለሚጠፋ ኢቲሲ በሚባለው የሲስተሙ የቅንብር ማውጫ ሥር ወዳለው የፍላትፓክ ማውጫ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ ትናንት የሠራው እድሳት ዛሬ በፈቃድ ስህተት ይቆማል። ማከማቻው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍላትፓክን የሚመስሉ ሌሎች የማሸጊያ መንገዶችም አሉ። ስናፕ የኡቡንቱ አዘጋጅ የካኖኒካል ነው፤ በኡቡንቱ 22.04 ፋየርፎክስ የሚመጣው በእሱ ነው። አፕኢሜጅ በአንድ ፋይል የሚሄድ ሲሆን ፕሮግራሙን ከሲስተሙ የሚለይ የራሱ ማጠሪያ የለውም።

የፍላትፓክ ችግሮች የሚታወቁ ናቸው። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር በዲኤንኤፍ (የአርፒኤም ጥቅሎችን የሚጭንና የሚያድስ መሣሪያ) ታድሶ የፍላትፓኩ ግራፊክስ ቅጥያ ወደ ኋላ ከቀረ ፕሮግራሙ በዝግታ ይሠራል ወይም ጭራሽ አይከፈትም፤ የሁለቱ የእትም ቁጥር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይል) ማውጫ ስላለው በማሽኑ ቴምፕ ውስጥ የተቀመጠ የከርቤሮስ ትኬት (የድርጅት መረብ መግቢያ ማረጋገጫ) አይታየውም። የብራውዘር ቅጥያዎችም በማሽኑ ላይ ካለ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ጋር ላይነጋገሩ ይችላሉ። የተለያየ ራንታይም የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ሲበዙ ፍላትፓኮች የሚቀመጡበት የዲስኩ የቫር ክፍል ይሞላል፤ የማይፈለጉትን በፍላትፓክ አንኢንስቶል ከአንዩዝድ አማራጭ ጋር ማጽዳት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በማሽኑ ላይ የተጫነውን የመቁጠር ጉዳይ ነው። የብዙ ፍላትፓኮች መሠረት የሆነው የፍሪዴስክቶፕ ራንታይም አንድ እትም የሚጠገነው ለ2 ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በውስጡ ያሸገውን ላይብረሪ ደግሞ የሚያድሰው ራሱ ገንቢው ነው። ዲኤንኤፍ ፍላትፓኮችን አያድስም፣ የአርፒኤም ዝርዝርም አያሳያቸውም። የደኅንነት ፍተሻው አርፒኤምን ብቻ የሚያነብ ከሆነ ማሽኑ «ንጹህ» ተብሎ እየተመዘገበ አሮጌ ብራውዘር ሊሠራበት ይችላል፤ ስለዚህ የፍላትፓክ ዝርዝር ለብቻው መሰብሰብ፣ እድሳቱም በራሱ ሲስተምዲ ታይመር (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምር የሊኑክስ መሣሪያ) መታሰር አለበት።