ዘመድ ደንበኛ አይደለም፦ ጦማሪዎች ስለ አፊሊየት ደንቦች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ የድረ ገጽ ሥራ ሳስተምር ከወጣት ጦማሪዎች የምሰማው አንድ ሐሳብ አለ፦ «አሜሪካ ያለችው አክስቴ በእኔ ሊንክ ትግዛ፤ ኮሚሽኑ ለእኔ ይገባል፤ ማንንም አይጎዳም።» ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ፣ ኮምቦልቻም ብወርድ የምሰማው ይህንኑ ነው። ወሎ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ስለሚያስቸግር ሐሳቡ ለሁሉም ቶሎ ይመጣለታል። ስህተት ነው፤ አካውንት የሚያዘጋ ስህተት ነው።

አፊሊየት ማለት ጦማሪው የአንድን ሱቅ ዕቃ በተሰጠው ልዩ ሊንክ ሲያስተዋውቅ፣ አንባቢው በዚያ ሊንክ ገብቶ ከገዛ ሱቁ ለጦማሪው ኮሚሽን የሚከፍልበት ውል ነው። ውል መሆኑን አጥብቄ የምናገረው «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ያለፈ ሰው ሁሉ የፈረመ መሆኑን ስለሚረሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው የኢንተርኔት ሱቁ የአማዞን አፊሊየት ፕሮግራም ደንብ ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ በራስህ ሊንክ ራስህ አትገዛም። ወዳጅህን፣ ዘመድህን፣ ሠራተኛህን ወይም የንግድ ሸሪክህን በሊንኩ እንዲገዛ አትጠይቅም፤ አታበረታታም፤ አትፈቅድምም። «አክስቴ ዕቃውን የምትፈልገው ለራሷ ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም፤ ደንቡ ግዢው ለማን እንደሆነ አይለይምና። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኮሚሽን የሚከፈለው ሱቁ በራሱ የማያገኘውን ገዢ ስላመጣህለት ነው። አክስትህ ቀድሞም ልትገዛው ያሰበችውን የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንተ ሊንክ ብታልፍበት ሱቁ ያገኘው አዲስ ደንበኛ የለም።

«በምን ያውቁብናል?» ይሉኛል። ሱቁ የገዢውን ስም፣ የመላኪያ አድራሻ፣ የክፍያ ካርድና የገባበትን መሣሪያ ይዟል። የአንተንም ስምና የክፍያ ዝርዝር ይዟል። ከዚህ በላይ የሚያጋልጠው ግን የቁጥሩ ነገር ነው፦ ገና አንባቢ ያላፈራ ጦማር ላይ ሊንኩን የነካ ሁሉ ከገዛ፣ ያንን ለማየት ልዩ ባለሙያ አያስፈልግም።

ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ስልክ ካሜራና ፎቶግራፍ በጣም ጥሩ አድርጎ የሚጽፍ ወጣት አውቃለሁ። ስሙን በማልጠራው ፕሮግራም ተመዝግቦ አጎቱንና የአጎቱን ጓደኞች አስገዛ። አካውንቱ ተዘጋ፤ የተጠራቀመው ኮሚሽንም ሳይከፈለው ቀረ። ከዚያ በወንድሙ ስም ሌላ ሊከፍት አስቦ ወደ እኔ መጣ። አይሆንም አልኩት፤ በደንብ ጥሰት የተዘጋበት ሰው በሌላ ስም ተመልሶ ሲገባ ሁለተኛ ጥሰት ይጨምራል፣ ወንድሙንም ጥፋተኛ ያደርገዋል። የሚያናድደኝ ልጁ አንባቢ ማፍራት የሚችል መሆኑ ነው። ጽሑፎቹ ይበቁት ነበር።

ሰዎች ወደ ዘመድ የሚሮጡበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። አማዞን አዲስ ተመዝጋቢ በ180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ብቁ፣ ማለትም ደንቡን ያሟሉ፣ ሽያጮች እንዲያመጣ ይጠይቃል፤ ካላመጣ አካውንቱ ይዘጋል። ጦማሪው ቀኑ ሲቃረብ ይደነግጥና ስልክ ያነሣል። ልብ በሉ፦ በሽያጭ ማነስ የተዘጋ አካውንት ነውር የለበትም፤ ጦማሩን አሻሽሎ እንደገና ማመልከት ይቻላል። በማጭበርበር የተዘጋው ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ትንሹን ጉዳት ለመሸሽ ትልቁን አትምረጡ። ምክሬ ሃያ ጥሩ ጽሑፎች ሳይኖራችሁና ከጉግል ፍለጋ የሚመጣ አንባቢ ሳታዩ አትመዝገቡ የሚል ነው፤ 180ው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ስትመዘገቡ ነውና።

ከጦማሪዎች የምሰማቸው ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ኮሚሽን እንደማገኝ ከተናገርኩ አንባቢ ይሸሻል።» ሰኞ ገበያ ላይ ደላላው ደላላ መሆኑን ገዢው ያውቃል፤ አውቆም ይገበያያል። ሰው የሚሸሸው የተደበቀበትን ሲደርስበት ነው። አማዞን ከብቁ ግዢዎች ገቢ እንደምታገኙ በግልጽ እንድትጽፉ ያስገድዳል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለው መመሪያ ኮሚሽን እንደምታገኙ የሚገልጸው ጽሑፍ በቀላሉ የሚታይና ለመሳት የሚያስቸግር እንዲሆን ይፈልጋል፤ አንባቢዎቻችሁ አሜሪካ ካሉ ጉዳዩ ይነካችኋል። «ስለ እኛ» በሚል ገጽ ግርጌ የተቀበረ አንድ መስመር አይበቃም። ከመጀመሪያው ሊንክ በላይ፣ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ ጻፉት። እዚህም ቢሆን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

«ዋጋውን መጻፍ አንባቢን መርዳት ነው።» ዋጋ በየሰዓቱ ይለወጣል። አማዞን በእጅ የተጻፈ ዋጋ አይፈቅድም፤ ከራሱ ሥርዓት በቀጥታ የሚመጣውን ብቻ ነው የሚቀበለው። የገዢዎችን አስተያየትና የዕቃውን ፎቶ ከሱቁ ገጽ ገልብጦ መለጠፍም እንደዚሁ ክልክል ነው። ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለ ራሳችሁ ፎቶ አንሡት፤ የተሻለም ያሳምናል።

«ሊንኩን በበራሪ ወረቀት አትሜ እበትናለሁ፤ በቃልም እቀሰቅሳለሁ።» የአማዞን ደንብ ሁለቱንም ይከለክላል።

«አንዴ ከነካ ወደፊት የሚገዛው ሁሉ የእኔ ነው።» ሊንኩ ከተነካ በኋላ አማዞን ኮሚሽን የሚያስብላችሁ ጊዜ በመሠረቱ 24 ሰዓት ነው።

«ጉግል የአፊሊየት ሊንክ ያለበትን ጦማር ይቀጣል።» አይቀጣም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስተዋወቀውን «ስፖንሰርድ» የሚል፣ ሊንኩ ገንዘብ የሚያስገኝ መሆኑን የሚናገር መለያ በሊንኩ ኮድ ውስጥ እንድታስገቡ ነው የሚመክረው።

«ለመመዝገብ ገንዘብ ከፍያለሁ።» እንግዲያው የገባችሁበት አፊሊየት ላይሆን ይችላል። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ለምዝገባ አያስከፍሉም።

«የከፋው ቅጣት አካውንት መዘጋት ነው።» ለአብዛኛው ሰው አዎ። ነገር ግን አንባቢው ሳያውቅ በኮምፒውተሩ ላይ የኮሚሽን ኩኪ፣ ማለትም ገዢው በማን ሊንክ እንደመጣ ለሱቁ የሚናገር ትንሽ ፋይል፣ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ኢቤይ የተባለውን የኢንተርኔት ገበያ በዚህ መንገድ ያታለሉ ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ አፊሊየቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የእስራት ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። «ኮሚሽን የሚያበዛ ፕለጊን» ብሎ ጦማራችሁ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም የሚሸጥላችሁን ሰው ከበር መልሱት።

በመጨረሻ የአሜሪካ ፕሮግራሞች የሚያስሞሉት የግብር ፎርም። ብዙዎች «ደብልዩ ኤይት ቤን» የሚባለውን ፎርም ሲያዩ የአሜሪካ ግብር ከፋይ የሚሆኑ መስሏቸው ይተዉታል። ተቃራኒው ነው፦ ሥራውን ደሴ ተቀምጦ የሚሠራ የውጭ ዜጋ የአሜሪካ ነዋሪ አለመሆኑን የሚያረጋግጥበት ነው። የአገር ቤት ግብርን አያስቀርም። የሚያገለግለው ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ እስከሚመጣው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተፈረመ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2028 ይቆያል። ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ወይም በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳትቀይሩ ሙሉት።