ፋኑን ንቀሉት

«ኤሌክትሮኒክስ ሲቀዘቅዝ ይረጋጋል።» ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። የምሠራው ሱሉልታ ነው፤ በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ቀትር ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ ያቅታል። ብርድ ሰዓትን የሚያረጋጋ ቢሆን ኖሮ የሱሉልታን ሰዓት የሚያህል አይገኝም ነበር!

ተራው የሰዓት ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ፣ የሹካ ቅርጽ ያለው ኳርትዝ ነው። የሚስማማው 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲበርድ ይዘገያል፤ ሲሞቅም ይዘገያል። «ሲሞቅ ይፈጥናል» የምትሉም ይህን ስሙ። 10 ዲግሪ ላይም ሆነ 40 ዲግሪ ላይ በወር 20 ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል።

በቀደም አንድ ልጅ ከምናለሽ ተራ የገዛውን ማሞቂያ ያለው ኦሲሌተር (ክሪስታል እያርገበገበ ለሰዓት ምት የሚሰጥ ዕቃ) ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ በጣም ይግላል። ፋን ገጠምኩለት፣ አሁንም ይዋዥቃል» አለኝ። ሳቄ መጣ። መጋሉ እኮ ሥራው ነው! በታሸገው ቆርቆሮ ውስጥ ክሪስታል፣ ሙቀት የሚለካ ቴርሚስተርና ማሞቂያ አለ፤ ክሪስታሉን 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይዘው ያቆዩታል። ለምን ይህን ያህል? ማሞቂያ ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። 30 ላይ ብታደርጉት፣ ቀትር ላይ ሳጥኑ ውስጥ 40 ሲገባ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር ምን ያደርጋል? ስለዚህ ውጭው ከሚደርስበት ሙቀት ሁሉ በላይ ይደረጋል፤ ክሪስታሉም ሲቆረጥ ለዚያው ሙቀት ታስቦ ነው። የልጁ ፋን ማሞቂያውን ሌት ተቀን ሲታገለው ከርሟል። ነቅዬ ጣልኩትና ዙሪያውን ፎም አለበስኩት፤ ረጋ።

«ወፍራም የብረት ሳጥን ይበቃል» የሚሉም አሉ። ሳጥን ለውጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።



ስለ ባለማሞቂያው ኦሲሌተር «መብራት ሲመጣ ወዲያው ይስተካከላል» የሚለውም ልክ አይደለም። ማሞቂያው በደቂቃዎች ይግል ይሆናል፤ ክሪስታሉ በደንብ እስኪረጋ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪ ሳታዘጋጁ ይህን ዕቃ አትግዙ። ስትገዙም ሲነሳ ብዙ ዋት እንደሚስብ አስቡ፤ ከመስኮትና ከትራንስፎርመር አርቁት።

ለግድግዳ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? ዲኤስ3231 የሚባለው ቺፕ ሳያሞቅ ሙቀቱን እየለካ ራሱን ያርማል፤ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ስህተቱ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ልጁም መጨረሻ ላይ እሱን ገዛ።